ቀጭኑ ባል ለምን ያንኮራፋል?

"ማንኮራፋት የወፍራም ሰው ነገር ነው" የሚሉ ሰዎች ያናድዱኛል። ካላመናችሁኝ እስቲ ደቡብ ኮሪያ ደርሰን እንምጣ።

በመጀመሪያ ስለ ምን እንደማወራ ልንገራችሁ። ያንኮራፋ ሁሉ በሽተኛ አይደለም። "ስሊፕ አፕኒያ" የሚባለው ግን ሌላ ጣጣ ነው። ሰውየው ተኝቶ ሳለ የጉሮሮው ሥጋ ይላላና የአየሩን መንገድ ይዘጋዋል። ትንፋሽ ጸጥ! 10 ሰከንድ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ። ከዚያ አንጎል ደንግጦ ያባንነዋል፤ በረጅሙ ተንፍሶ መልሶ ይተኛል። ጠዋት ምንም አያስታውስም፤ "ይሄን ሁሉ ሰዓት ተኝቼ ምነው ደከመኝ?" ይላል እንጂ። ሳይታከም ሲቆይ ከደም ግፊት ጋር ያቆራኛል፣ መሪ ላይ ያስተኛል።

እርግጠኛው ምርመራ ሆስፒታል ውስጥ አንድ ሌሊት በሽቦ ተተብትቦ ማደር ነው። ያንኮራፋን ሁሉ እንዲህ ማሳደር ስለማይቻል ሐኪሞች አስቀድመው በመጠይቅ ያጣራሉ። ከታወቁት አንዱ እ.ኤ.አ. በ2008 ከካናዳ፣ ከቶሮንቶ የወጣው "ስቶፕ-ባንግ" ነው። ጥያቄዎቹ ስምንት ናቸው። ጮክ ብለህ ታንኮራፋለህ? ቀን ቀን ይደክምሃል? ትንፋሽህ ሲቆም ያየ ሰው አለ? የደም ግፊት አለብህ? ከዚያ ውፍረት፣ ከ50 በላይ ዕድሜ፣ የአንገት ዙሪያ፣ ወንድነት። ሦስትና ከዚያ በላይ "አዎ" ካለ ጥርጣሬ አለ ማለት ነው።

ኮሪያውያን ይህንን ወደ ቋንቋቸው መለሱት። ቃሉን መመለስ እኮ ቀላሉ ነው! ጣጣው ቁጥሩ ላይ ነው። መጠይቁ ሰውን "ወፍራም" የሚለው ክብደቱ ከቁመቱ ጋር ተሰልቶ ከ35 ሲበልጥ ነው። አስሉት እስቲ፤ ቁመቱ 1 ሜትር ከ70 የሆነ ሰው 101 ኪሎ ካልሞላ "አዎ" አይልም። በሴኡል ጎዳና እንዲህ ያለ ሰው ብርቅ ነው። በኮሪያ ሐኪሞች ዘንድ ከልክ ያለፈ ውፍረት የሚጀምረው ከ25 ነው፤ ለዚያው ቁመት 72 ኪሎ ገደማ መሆኑ ነው። በመሀል 29 ኪሎ! ይቺ ጥያቄ እንዳለች ከተተወች ለኮሪያዊው ሁልጊዜ "የለም" ነች ማለት ይቻላል።

ታዲያ ቀጭን ስለሆኑ በሽታው ራቃቸው? ኧረ የለም! እ.ኤ.አ. በ2004 በታተመ ጥናት ከጎልማሳ ኮሪያውያን ወንዶች ከመቶ 27ቱ፣ ከሴቶቹ ከመቶ 16ቱ ትንፋሻቸው በእንቅልፍ ላይ በሰዓት 5 ጊዜና ከዚያ በላይ ሲታወክ ተገኝቷል። እ.ኤ.አ. በ1993 በአሜሪካ፣ በዊስኮንሲን የተገኘው 24 እና 9 ነበር። ምክንያቱ ምንድነው ብትሉ ሐኪሞቹ የፊት አጥንትን ይጠቁማሉ። መንጋጋ አጠር ብሎ ወደ ኋላ ከገባ ምላስ ቦታ ይጠበዋል፤ ጉሮሮውም ከመነሻው ቀጭን ነው። ቀጭን ቧንቧ ለመድፈን ደግሞ ብዙ ስብ አያስፈልግም።

ሌላም አለ። እ.ኤ.አ. በ1991 አውስትራሊያ ውስጥ የወጣው "ኤፕዎርዝ" የሚባል መጠይቅ "መኪና ውስጥ ሆነህ መንገድ ተጨናንቆ ለጥቂት ደቂቃ ስትቆም ታንጎላጃለህ?" ይላል። በምድር ውስጥ ባቡር ብቻ የሚመላለስ የሴኡል ተማሪ ምን ይመልስ? እኔን ከሁሉ የምታሳዝነኝ ግን "ትንፋሽህ ሲቆም ያየ ሰው አለ?" የምትለዋ ነች። በኮሪያ ከሦስት ቤት በአንዱ ሰው ብቻውን ነው የሚኖረው። ብቻውን የሚያድር "የለም" ብሎ ይሞላል፤ ወረቀቱም ነጥብ ይቀንስለታል። የሚያየው ሰው ስለሌለ እኮ ነው!

ስለዚህ አንተ ቀጭኑ፣ ባለቤትህ "ሌሊት ትንፋሽህ ይጠፋብኛል" ካለችህ "እኔ እኮ 60 ኪሎ ነኝ" ብለህ አትሳቅባት። ብቻህን የምታድር ከሆነ ስልክህን ድምፅ እንዲቀዳ አድርገህ ተኛ። ማንኮራፋት፣ ጸጥታ፣ ከዚያ እንደ መታነቅ ያለ ትንፋሽ ከሰማህ ቅጂውን ይዘህ ሐኪም ዘንድ ሂድ። መሪ ላይ የሚያንቀላፋህ ከሆነማ እስክትመረመር ድረስ ቁልፉን ለሌላ ሰው ስጥ።