21 ማርሽ አለው፣ ዳገቱን ግን አልወጣም

ዲላ ውስጥ ሳይክል ይዛችሁ ስትቆሙ የሚመጣው የመጀመሪያ ጥያቄ «ስንት ማርሽ አለው?» ነው። «21» ስል ጠያቂው በአድናቆት ራሱን ይነቀንቃል። እኔም በዚህ ቁጥር ስኮራ ከረምኩ፤ 20 ኪሎ ዕቃ ጭኜ ወደ ቡሌ መውጣት እስክጀምር ድረስ። ዲላ 1,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ ቡሌ ደግሞ ከ2,500 በላይ። ምን አለፋችሁ፣ ግማሹን ዳገት ሳይክሉን እየገፋሁ ነው የወጣሁት። ቆጮ የተሸከሙ እናት «አይዞህ ልጄ» ብለውኝ አለፉኝ።

ሳይክሉን የገጣጠምኩት ራሴ ነኝ፤ አሮጌ የተራራ ሳይክል ቴላዮ ላይ፣ ባለ 26 ጎማ። ዓላማዬ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበውን የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር፣ ከነቡናውና ከነእንሰቱ፣ ድንኳን ጭኜ መዞር ነው። ጌዴኦ ውስጥ ደግሞ ከአስፋልቱ ከወጣችሁ ዳገት ነው።

ቤት ገብቼ ጥርስ ቆጠርኩ። ፊት ለፊት 48፣ 38 እና 28፤ ከኋላ ከ14 እስከ 28። የፊቱን ለኋላው ስታካፍሉ ሳይክሉ ምን ያህል እንደሚከብዳችሁ ይነግራችኋል። የእኔ ቀላሉ ማርሽ 28 ለ28፣ ማለትም 1 ነው። ፔዳሉ አንዴ ሲዞር ጎማውም አንዴ ይዞርና ወደ 2.07 ሜትር ይሄዳል። በደቂቃ 60 ጊዜ ብረግጥ በሰዓት 7.5 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ዳገቱ ከዚያ በታች ሲያወርደኝ በዝግታ፣ ግን በከባድ ኃይል መርገጥ አለብኝ። ጉልበት የሚያልቀው እዚያ ጋ ነው።

ሌላው ጉድ፣ 21 የሚባለው 21 አይደለም። 48 ለ24 ሁለት ነው፤ 28 ለ14ም ሁለት ነው። ያው አንድ ማርሽ ሁለት ጊዜ ተቆጠረ ማለት ነው። ኢኮኖሚክስ ስንማር «የመጨረሻው ተጨማሪ ምን ጠቀመ?» ማለት ለምደን ነበር። እዚህም ጥያቄው ብዛቱ ሳይሆን የመጨረሻው ቀላሉ ማርሽ ስንት ነው የሚለው ነው።

ይህን አወቅሁና ሮጬ ከ11 እስከ 34 ጥርስ ያለው የኋላ ማርሽ ገዛሁ። ሳይክል የሚሠሩት ጋሼ ገና ሲያዩት «ይሄ እኮ ካንተ ጎማ ጋር አይገጥምም» አሉኝ። ለካ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው እንደ ብሎን የሚጠመዘዝ ሲሆን «ጠክ ጠክ» የሚለው መሣሪያ ራሱ ማርሹ ውስጥ ነው። ሁለተኛው ግን ተንሸራቶ የሚገባ ነው፤ ያ መሣሪያ ያለው የጎማው መሐል ላይ ነው። የእኔ የሚጠመዘዘው ነው። የገዛሁትን ልጠቀም ብል መሐሉን ቀይሬ ራጂውን እንደ አዲስ ማስወጠር ነበረብኝ። የሸጠልኝ ሰው ጥፋት የለበትም፤ ሳልጠይቅ የገዛሁት እኔ ነኝ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች።

ቀሪው ብሬ አንድ ምርጫ ብቻ ይፈቅዳል። የፊቱን ወደ 42፣ 32፣ 22 ብለውጥ ቀላሉ ማርሽ 22 ለ28፣ ማለትም 0.79 ይሆናል፤ ግን የፔዳሉ ክንድ ጭምር ይቀየራል። የኋላውን በሚጠመዘዝ 14–34 ብለውጥ 28 ለ34፣ 0.82 ይሆናል። ልዩነቱ ኢምንት ነው፣ ሥራው ግን በጣም ይቀላል። ሁለቱንም ብለውጥ 0.65 ላይ እወርዳለሁ፤ በሰዓት 4.8 ኪሎ ሜትር፣ የእግረኛ ፍጥነት። ለዚያማ በእግሬ ብሄድስ?

አዲስ አበባ ያለ ጓደኛዬ ከኋላ ባለ 11 ማርሽ ዘመናዊውን እንድገዛ መክሮኝ ነበር። ቆንጆ ነው፤ ካቴናው ግን ቀጭንና የራሱ ብቻ ነው። ይርጋጨፌ ላይ ቢበጠስብኝ ማን ይሰጠኛል? የባለ 7ቱ ካቴና ለባለ 6ም ለባለ 8ም ይሆናል።

ስለዚህ የኋላውን ለወጥኩ። ሁለት ነገር ግን አትርሱ። አንደኛ፣ ማርሽ ቀያሪው ባለ ረጅም ክንድና 34 ጥርስ የሚችል መሆን አለበት። በእኔ ሳይክል የፊት ልዩነት 20፣ የኋላ 20፣ በድምሩ የ40 ጥርስ ትርፍ ካቴና መሰብሰብ አለበት። ሁለተኛ፣ ካቴናውን ለኩ። ከፒን እስከ ፒን 24 ፍሬ ቆጥራችሁ 30.5 ሴንቲ ሜትር መሆን ያለበት 30.7 ካለፈ አርጅቷል፤ አዲሱን ጥርስ ይበላዋል።

ባለፈው ቅዳሜ ያንኑ 20 ኪሎ ጭኜ ደግሜ ወጣሁ። በእያንዳንዱ ርግጫ የሚያስፈልገኝ ኃይል 18 በመቶ ያህል ቀንሷል። በጣም ቀጥ ያለው ቦታ ላይ ሁለቴ ወርጄ ገፍቻለሁ፤ አልዋሽም። ጉልበቴ ግን በማግስቱ ደህና ነበር።

አሁን «ስንት ማርሽ አለው?» ሲሉኝ «ትልቁ የኋላ ጥርስ 34» ነው መልሴ። ግራ ይጋባሉ። እናንተ ግን ሳይክል ከመግዛታችሁ በፊት ጎንበስ ብላችሁ ጥርስ ቁጠሩ።