የመንዝ በግና የእርዳታ ፕሮጀክት የስኬት ታሪክ

በውጭ እርዳታ የሚካሄዱ ፕሮጀክቶች የሚያወጡት የስኬት ታሪክ፣ ማለትም በአንድ ተጠቃሚ ሕይወት አማካይነት የሥራውን ፋይዳ የሚያሳይ አጭር ጽሑፍ፣ ብዙ ጊዜ ለለጋሹ የምስጋና ደብዳቤ ተደርጎ ይታያል፤ ይህ ግን ስሕተት ነው፤ ታሪኩ ሊያስረዳ የሚገባው ለውጡ በምን መንገድ እንደመጣ ነውና።

በ2009 እ.ኤ.አ. በመንዝ፣ በመሐል ሜዳና በሞላሌ አካባቢ የተጀመረው ማኅበረሰብ አቀፍ የበግ ዝርያ ማሻሻያ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። ሥራውን ዓለም አቀፎቹ የግብርና ምርምር ማዕከላት ኢካርዳና ኢልሪ፣ እንዲሁም የቪየናው ቦኩ ዩኒቨርሲቲ ከኢትዮጵያ የምርምር ተቋማት ጋር ያስጀመሩት ሲሆን፣ የመነሻው ገንዘብ ከኦስትሪያ የተገኘ ነበር። ቀድሞ ፈጥኖ ያደገው ጠቦት ጥሩ ዋጋ ስለሚያወጣ ለገበያ ይቀርብና፣ እናት በጎችን የሚያጠቃው እድገቱ የዘገየው ይሆን ነበር። ፕሮጀክቱ ያመጣው ትልቁ ነገር፣ ከገንዘቡም ይልቅ፣ መዝገብ ነው፦ ግልገሉ የጆሮ ቁጥር ይደረግለታል፣ ስድስት ወር ሲሞላው ይመዘናል፣ ከዚያም አርሶ አደሮቹ ራሳቸው ቁመናውን፣ ላቱንና ቀለሙን አይተው አውራውን ይመርጣሉ፤ የተመረጠውም ለመንደሩ በጋራ ያገለግላል።

«በፕሮጀክቱ ሕይወቷ ተለወጠ» ብሎ የሚያልፍ ጸሐፊ ይህን ሁሉ ዘለለው ማለት ነው። በጉ ስንት እንደተሸጠ፣ የዚያ ዓመት በልግ እንዴት እንደነበረ፣ ቤተሰቡ በሴፍቲኔት፣ ማለትም በ1997 ዓ.ም. በተጀመረው የምግብ ዋስትና መርሐ ግብር፣ ታቅፎ እንደሆነ ሳይጠየቅ ለውጡን ለአንድ ፕሮጀክት ብቻ መስጠት አይቻልም። ባለታሪኳም ፎቶግራፏ የት እንደሚወጣ ተነግሯት መስማማት ይኖርባታል፤ ፈገግታዋ፣ በርካታ ሪፖርቶች እንደ ማስረጃ ቢያቀርቡትም፣ በማስረጃነት አይቆጠርም።