ዓይን፣ ሚዛንና ደረጃ በእርግዝና ወቅት፦ ከገለምሶ አንጻር የቀረበ ዳሰሳ

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 አንዲት ነፍሰ ጡር ቢያንስ ስምንት ጊዜ የቅድመ ወሊድ ክትትል እንድታደርግ መክሮ፣ ኢትዮጵያም እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣችው ብሔራዊ መመሪያ ይህንኑ ተቀብላለች። በጤና ባለሙያና በእናት መካከል የሚደረገው ንግግር ጊዜ በዚህ መልኩ ሲሰፋ፣ እስካሁን ብዙም ቦታ ያልተሰጠው የመውደቅ አደጋ ሊነሳ ይገባዋል። በጫት ንግዷ የምትታወቀው ገለምሶ በጨርጨር ደጋማ ምድር ላይ የምትገኝ የሐብሮ ወረዳ ከተማ በመሆኗ፣ ለነዋሪዋ ከደረጃ የመውደቅ ጉዳይ በሕንፃ ውስጥ አይወሰንም፤ ቁልቁለትም እንደ ደረጃ የሰውነትን ክብደት በአንድ እግር ተሸክሞ ዝቅ ማለትን ይጠይቃል።

የአደጋው መጠን ቀላል አይደለም። በአሜሪካ ዳኒንግና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2010 ባሳተሙት ጥናት፣ ከተጠየቁት እናቶች ወደ 27 በመቶ የሚሆኑት በእርግዝናቸው ወቅት መውደቃቸውን የገለጹ ሲሆን፣ ከውድቀቶቹ 39 በመቶው ከደረጃ ጋር የተያያዙ ነበሩ። ሰውነት የሚዛን ስሜቱን ከዓይን፣ ከውስጥ ጆሮና ከጡንቻና መገጣጠሚያዎች ያገኛል። ማህፀን ሲያድግ የክብደት ማዕከል፣ ማለትም የሰውነት ክብደት ተጠቃሎ የሚያርፍበት ነጥብ፣ ወደ ፊት ይገፋል፤ ወገብም ይህን ለማካካስ ይበልጥ ይታጠፋል።

ከሁሉ የሚልቀው ግኝት ግን የዓይንን ድርሻ የሚመለከተው ነው። በትለርና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጡት ጥናት 12 ነፍሰ ጡሮችንና 12 ያላረገዙ ሴቶችን ቆመው ሳሉ ዓይናቸውን ገልጠውና ጨፍነው ሲለኩ፣ የቆመ ሰው መረጋጋት ከሁለተኛው የእርግዝና ሦስት ወር ጀምሮ እንደሚቀንስና ይህም ከወሊድ በኋላ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ሲደርስ እንኳ እንደማይመለስ አሳይተዋል፤ በተገለጠና በተጨፈነ ዓይን መካከል ያለው ልዩነትም እርግዝናው እየገፋ ሲሄድ ሰፍቷል። ጥናቱ ትንሽ ነው፣ የተለካውም ቆሞ እንጂ በደረጃ ላይ አይደለም የሚለው ትችት ተገቢ ነው። ሆኖም ትርጉሙ ጸንቶ ይቆማል፤ ነፍሰ ጡር በዓይኗ ላይ ይበልጥ በምትደገፍበት በዚሁ ጊዜ ሆዷ የእግሯን ጫፍና ቀጣዩን የደረጃ ጠርዝ ይከልልባታል፤ በተለይ ስትወርድ።

በዓይን ላይ የሚደርሰው ለውጥ አብዛኛውን ጊዜ ቀላልና ጊዜያዊ ነው፤ በሰውነት የሚጠራቀም ፈሳሽ ኮርኒያን፣ ማለትም ግልጹን የፊት ሽፋን፣ በመጠኑ ስለሚያወፍረው እይታ ትንሽ ይለወጣል፣ መነጽር ለመቀየርም ከወሊድ በኋላ መጠበቅ ይመረጣል። የእይታ መደብዘዝ ወይም ብልጭታ ከ20ኛው ሳምንት በኋላ ከታየ፣ በተለይም ከብርቱ ራስ ምታት ጋር ከመጣ፣ የፕሪኤክላምፕሲያ ምልክት ሊሆን ስለሚችል ፈጥኖ ወደ ጤና ተቋም መሄድን ይጠይቃል፤ ይህ ሕመም የደም ግፊትን ከፍ የሚያደርግና አካላትን የሚጎዳ ነው። በቫይታሚን ኤ እጥረት የሚመጣው ዳፍንት ደግሞ በምሽት የዓይንን እርዳታ ይነፍጋል። የዓይን ፀጉር ወደ ውስጥ የሚታጠፍበትና እይታን የሚጎዳው የትራኮማ ደረጃም ሴቶችን ይበልጥ የሚያጠቃ በመሆኑ፣ በኢትዮጵያ ቸል የሚባል አይደለም።

የመውደቅ አደጋን መከላከል ውድ አይደለም። የማክሮሪና የባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. የ2010 ጥናት የአካል እንቅስቃሴ የሚያደርጉ ነፍሰ ጡሮች የመውደቅ ዕድላቸው ሊቀንስ እንደሚችል አመልክቷል። የገለምሶ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በየጉብኝታቸው ሦስት ነገሮችን ቢጨምሩ ብዙ ጉዳት ይቀራል፦ የነፍሰ ጡሯ ዓይን በምሽት እንዴት እንደሚያይ መጠየቅ፣ በቁልቁለት ስትሄድ ጀሪካንና ሸክም ሌላ ሰው እንዲይዝላት ቤተሰቡን ማግባባት፣ ፎቅ ላላቸው ቤቶችም የደረጃ መደገፊያና መብራት እንዲኖር ማሳሰብ። የወደቀች ነፍሰ ጡር ምንም ሕመም ባይሰማት እንኳ ወደ ጤና ጣቢያ ሄዳ መመርመር አለባት።