ይህ ቤተ ክርስቲያን ዕድሜው ስንት ነው?

በክረምቱ ዕረፍት ጀርመን አገር ደርሶ የተመለሰ አንድ ባልንጀራችን ያነሣቸውን ፎቶግራፎች አንድ ምሽት በመኝታ ክፍሉ ተሰብስበን እንመለከት ነበር። ድልድዩንም፣ ወንዙንም፣ ባቡሩንም አየን። በመጨረሻ አንድ ትልቅ ቤተ ክርስቲያን መጣ። ጉልላቱ ግዙፍ ነው፤ ግድግዳው እንደ ቅቤ የነጣ ሆኖ ሳለ እዚህም እዚያም ጥቁር ድንጋይ ተሰክቶበታል። «ምነው ቀለም ቀቢው ሳይጨርስ ምሳ ሄደ እንዴ?» አለ አንዱ። ከሣቅን በኋላ «ለመሆኑ ዕድሜው ስንት ነው?» የሚል ጥያቄ ተነሣ። ባለፎቶግራፉ «በ1743 የተፈጸመ ነው» አለ። የታሪክ ተማሪ የሆነው ጓደኛችን ግን «የለም፤ የተመረቀው በ2005 ነው፤ እኔና አንተ የእርሱ እኩዮች ነን» ብሎ ተከራከረ።

ክርክሩ እስከ እኩለ ሌሊት ዘለቀ። እኔም በማግሥቱ ቤተ መጻሕፍት ገብቼ ነገሩን ስመረምር ሁለቱም እውነት መናገራቸውን ተረዳሁ። (ዓመታቱን ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) ይሁን እንጂ አንድ ጥያቄ ሳይፈታ ቀረ። ሰው ገንዘቡን ከፍሎ፣ ባሕር ተሻግሮ ታሪካዊ ሕንፃ ሊያይ ሄዶ የሚያየው የትናንት ግንብ ከሆነ ተታሏል ወይስ አልተታለለም? ጀርመን ውስጥ ከዚህ ጥያቄ ማምለጥ አይቻልም። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት በ1945 ሲያበቃ ያገሪቱ ታላላቅ ከተሞች እምብርት ፍርስራሽ ሆኖ ነበርና፣ እያንዳንዱ ከተማ ለፍርስራሹ የየራሱን መልስ መስጠት ግድ ሆነበት።

የባልንጀራችን ፎቶግራፍ የድሬስደን ከተማ ፍራወንኪርሸ ይባላል፤ የእመቤታችን ቤተ ክርስቲያን ማለት ነው። ጌዮርግ ቤር የተባለው መሐንዲስ በ1726 ጀምሮት፣ ሳይፈጸም በ1738 ሞተ። ሥራው ያለቀው ካምስት ዓመት በኋላ ነው። የካቲት 1945 በ13ኛውና በ14ኛው ቀን የእንግሊዝና የአሜሪካ አውሮፕላኖች ከተማይቱን በቦምብ ሲያቃጥሏት እስከ 25,000 የሚደርስ ሰው አለቀ። ቤተ ክርስቲያኑ ግን በመጀመሪያው ሌሊት አልወደቀም። ሕዝቡ ቆሞ ቀረ ብሎ ሲደነቅ፣ በእሳቱ የጋሉት ምሰሶዎች ኃይላቸው አልቆ በ15ኛው ቀን ጧት ጉልላቱን ይዘው ተናዱ። ሁለት የግድግዳ ስባሪዎች ብቻ ቆመው ቀሩ።

ያ የድንጋይ ክምር ለሃምሳ ዓመት ያህል እንዳለ ተቀመጠ። የምሥራቅ ጀርመን መንግሥት የጦርነት መታሰቢያ ብሎ ሰየመው፤ ከ1982 ወዲህ ደግሞ ወጣቶች በየዓመቱ ከተማይቱ በተመታችበት ሌሊት ሻማ እያበሩ ይሰበሰቡበት ጀመር። ሁለቱ ጀርመኖች በ1990 ከተዋሐዱ በኋላ ክምሩ ባንድ ጊዜ በማሽን አልተዛቀም። ድንጋዩ አንድ ባንድ እየተነሣ፣ እየተለካ፣ ቁጥር እየተሰጠው በመደርደሪያ ተደረደረ። ከዚያም የቀድሞ ቦታው የታወቀለትና ጉዳት ያልበዛበት ድንጋይ ወደ ቦታው ተመለሰ፤ የጎደለው በአዲስ ተሞላ። የመሠረት ድንጋዩ በ1994 ተቀምጦ ቤተ ክርስቲያኑ ጥቅምት 30 ቀን 2005 ተመረቀ። ወጪው 180 ሚሊዮን ዩሮ ገደማ ሲሆን የሚበዛው ከልዩ ልዩ አገር ሰዎች የተዋጣ ነው።

እንግዲህ የጥቁሩ ድንጋይ ምስጢር ይህ ነው። ድንጋዩ በኤልበ ወንዝ አካባቢ የሚፈለጥ የአሸዋ ድንጋይ ነው። በውስጡ ብረት ስላለበት ዝናብና አየር ሲፈራረቁበት እየዋለ እያደረ ይጠቁራል። ስለዚህ ጥቁሩ የጥንቱ፣ ነጩ የአሁኑ ነው፤ ጎብኚው ማንንም ሳይጠይቅ ከደጅ ቆሞ አሮጌውን ካዲሱ መለየት ይችላል። እኔን የደነቀኝ ግን አዲሱም ድንጋይ መጥቆሩ የማይቀር መሆኑ ነው። የልጅ ልጆቻችን ድሬስደን ሲደርሱ ግድግዳው አንድ ዓይነት መልክ ይዞ ይጠብቃቸው ይሆናል፤ ያን ጊዜ ታሪኩን ካልተነገራቸው በቀር ሊያውቁት አይችሉም። በጉልላቱ ጫፍ ያለውን መስቀል የሠራው አለን ስሚዝ የሚባል የለንደን አንጥረኛ ሲሆን፣ አባቱ ድሬስደንን ከደበደቡት አውሮፕላን ነጂዎች አንዱ ነበር። ከፍርስራሹ ውስጥ ተጣሞ የተገኘው አሮጌው መስቀል ደግሞ ከውስጥ ቆሟል። ሁለቱን ሳያይ የሚመለስ ጎብኚ ግማሹን ብቻ ነው ያየው።

በርሊን ለዚሁ ጥያቄ የሰጠችው መልስ ሌላ ነው። በምዕራቡ የከተማ ክፍል በንጉሠ ነገሥት ቪልሄልም ስም በ1895 የተመረቀ ቤተ ክርስቲያን ነበር። በኅዳር 1943 በቦምብ ተመታ። ከ113 ሜትር ግንቡ የቀረው 71 ሜትር ያህል ነው፤ አናቱም ተሸርፏል። በ1957 የአዲሱን ሕንፃ ንድፍ ውድድር ያሸነፈው ኤጎን አይርማን ፍርስራሹን ጠርጎ በአዲስ ሊተካው አስቦ ነበር። የበርሊን ሕዝብ ይህን ሲሰማ እሪ አለ። «የተቦረቦረው ጥርስ» እያለ የሚቀልድበትን ግንብ አናስነካም አለ። መሐንዲሱም እጁን ሰጥቶ ፍርስራሹን በመካከል ተወና አዲሶቹን ሕንፃዎች ግራና ቀኝ አቆማቸው። እነርሱም በ1961 ተመረቁ። የአዲሱ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ከ20,000 በላይ በሆኑ የመስተዋት ቁራጮች የተሞላ ስለ ሆነ ከውስጥ ሲታይ ሰማያዊ ነው። መሐንዲሱ ተሸንፎ ሕንፃው ያሸነፈበት ቦታ ብዬዋለሁ።

በዚያው በበርሊን በቤርናወር መንገድ ያለችው ትንሽ ጸሎት ቤት ደግሞ ለእኛ ላበሻ ተማሪዎች የቀረበች ናት፤ የተሠራችው ከጭቃ ነውና። በ1961 የበርሊን ግንብ ሲሠራ በዚያ የነበረው የዕርቅ ቤተ ክርስቲያን በሁለቱ አጥሮች መካከል ብቻውን ቀረ። ምእመን አይገባበትም፤ ወታደር ብቻ ይጠብቀዋል። በጥር 1985 የምሥራቁ መንግሥት በደማሚት አፈረሰው። ግንቡ ራሱ የተከፈተው ከአምስት ዓመት ባነሰ ጊዜ ውስጥ፣ በኅዳር 1989 ነው። አዲሷ ጸሎት ቤት በ2000 ስትመረቅ የአሮጌው ቤተ ክርስቲያን ጡብ ስባሪ ከሸክላ አፈር ጋር ተደባልቆ፣ በየተራው እየተረገጠ ግድግዳዋ ሆነ። ጠጋ ብሎ ያየ ሰው የጡቡን ቁራጭ በዓይኑ ያገኛል። የጥንቱን መልክ አልኮረጁም፤ ግን የጥንቱን ሥጋ አልጣሉም።

እዚህ ላይ ሐሳቤን ሳልደብቅ የማልወደውንም ልናገር። በከተማው መካከል የነበረው የነገሥታቱ ቤተ መንግሥት በጦርነቱ ተጎድቶ፣ በ1950 የምሥራቁ መንግሥት ጨርሶ አፈረሰው። በቦታው በ1976 የሬፑብሊኩን ቤተ መንግሥት አቆሙ። ነሐሴ 23 ቀን 1990 የምሥራቅ ጀርመን ምክር ቤት ከምዕራቡ ጋር ለመዋሐድ ድምፅ የሰጠው በዚያ ሕንፃ ውስጥ ነበር። ይህም በተራው፣ አስቤስቶስ የተባለ ለጤና ጠንቅ የሆነ ነገር ተገኝቶበት ከተዘጋ በኋላ፣ እስከ 2008 ድረስ ፈርሶ አለቀ። ዛሬ በቦታው ያለው ሁምቦልት ፎረም ነው፤ በ2021 ለሕዝብ ተከፈተ። በሦስት በኩል የጥንቱን ቤተ መንግሥት ፊት ለብሷል፤ በስተምሥራቅ ወደ ወንዙ ዞሮ ያየው ሰው ግን ልሙጥ የዘመኑን ግንብ ያገኛል። ደጋፊዎቹ ከተማይቱ የጎደለ ፊቷ ተመለሰላት ይላሉ፤ ነገሩ ውበት የለውም አልልም። ነገር ግን ድሬስደን ላይ ቁስሉ ይታያል፤ እዚህ የታሪክ ሁለት ገጽ ተቀዶ ሦስተኛው እንደ መጀመሪያው ተጽፏል። የሚሄድ ሰው ወደ ምሥራቁ በኩል ዞሮ ማየቱን አይርሳ።

የታሪክ ተማሪው ባልንጀራችን ይህን ሲሰማ «እንግዲያው እንደ ገና የተሠራ ሁሉ ሐሰት ነው» እንዳይል፣ ከበርሊን በባቡር ተነሥቶ ድንበሩን ተሻግሮ ዋርሶ ይውረድ። የፖላንድ ዋና ከተማ ሕዝብ በ1944 በጀርመኖች ላይ ተነሥቶ ከተሸነፈ በኋላ፣ ጀርመኖቹ ሆን ብለው አሮጌውን ከተማ ቤት በቤት አወደሙት። ፖላንዶች መልሰው ሲሠሩት ከየት አገኙት? አንደኛው ምንጭ ከጦርነቱ በፊት የዋርሶ ፖሊቴክኒክ የሥነ ሕንፃ ክፍል ሰዎች፣ ከነተማሪዎቻቸው፣ እየለኩ ያዘጋጁት የሕንፃ ንድፍ ነው። በጦርነቱ ጊዜ ንድፎቹን ከከተማ አሽሽተው በፒዮትርኩፍ ባለ ገዳም ውስጥ ሸሸጓቸው። እኛ ለማርክ ብለን የምንሠራውና ፈተናው ሲያልፍ የምንጥለው ወረቀት ማለት ነው እንግዲህ። አሮጌው ከተማ እንደ ገና ቆመ፤ ዩኔስኮም በ1980 በዓለም ቅርስነት መዘገበው። የመዘገበው ዕድሜው ረጅም ነው ብሎ አልነበረም፤ መልሶ መሠራቱን ራሱን እንደ ታሪክ ቈጥሮት ነው እንጂ።

ሌላው ምንጭ ቤርናርዶ ቤሎቶ የተባለ ኢጣልያዊ ሠዓሊ በ18ኛው መቶ ዓመት የሣላቸው የዋርሶ ሥዕሎች ናቸው። ሠዓሊው ወደ ዋርሶ ከመምጣቱ በፊት የድሬስደን ቤተ መንግሥት ሠዓሊ ነበር። በ1748 ከወንዙ ማዶ ሆኖ የሣላት ድሬስደን ዛሬ በዚያው ከተማ የሥዕል ቤት ውስጥ ተሰቅላለች፤ የፍራወንኪርሸም ጉልላት በግራ በኩል ከቤቶቹ በላይ ይታያል። በዚያን ጊዜ ዕድሜው አምስት ዓመት ነበር። ባልንጀራችን ይህን ሥዕል ሳያይ ነው የተመለሰው። የሥዕል ቤቱ ሰኞ ሰኞ ዝግ ስለ ሆነ፣ በሚመጣው ክረምት የምትሄዱ ቀኑን አስቀድማችሁ ምረጡ።