«ቡዳ በር» እና የነጻ መውጣት ቋንቋ፦ ክርስቶስ በርኩሳን መናፍስትና በፈተና ላይ ስላለው ሥልጣን ከጀጎል የተነሣ ምልከታ

1. መግቢያ

ጥንታዊቷን ሐረር የከበበው የጀጎል ግንብ በአሚር ኑር ኢብን ሙጃሂድ ዘመን፣ በ16ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ እንደተሠራ ይታወቃል። ግንቡ አምስት ነባር በሮች አሉት። አማርኛ ተናጋሪው ሸዋ በር፣ ቡዳ በር፣ ሰንጋ በር፣ ኤረር በርና ፈላና በር እያለ ይጠራቸዋል። ከነዚህ አንዱን፣ ሐረሪዎች በራሳቸው ቋንቋ «በድሪ በሪ» የሚሉትን፣ አማርኛው «ቡዳ በር» ይለዋል። የስሙ መነሻ ምንም ይሁን ምን፣ አማርኛ አፉን የፈታበት ሰው ስሙን ሲሰማ በሐሳቡ የሚመጣለት አንድ ነገር ነው፤ በዐይኑ ሰው ይበላል ተብሎ የሚፈራው፣ ሌሊት ጅብ ይሆናል ተብሎ የሚወራበት ጎረቤት።

ከዚሁ በር ብዙም በማይርቀው በፈረስ መጋላ ደግሞ የመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን አለ። ዳግማዊ ምኒልክ በ1879 ዓ.ም. ሐረርን ከያዙ በኋላ፣ ግብጾች በቆይታቸው ጊዜ መስጊድ ሠርተውበት በነበረው ቦታ ላይ የታነጸ ነው። መድኃኔ ዓለም ማለት የዓለም አዳኝ ማለት ነው። እንግዲህ በአንድ ግንብ ዙሪያ ሁለት ስሞች ይገናኛሉ፤ አንዱ ሰው የሚፈራውን፣ ሁለተኛው ሰው የሚታመንበትን ይጠራል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በነዚህ በሁለቱ መካከል ያለውን ግንኙነት በቋንቋና በሥነ ጽሑፍ በኩል መመርመር ነው። ክርስቶስ በርኩሳን መናፍስት ላይ ሥልጣን አለው የሚለው እምነት በወንጌል እንዴት ተተረከ? በግእዝና በአማርኛ ባህላችንስ ምን መልክ ያዘ? ከሁሉም በላይ ደግሞ፣ ይህ እምነት ሰውን ነጻ የሚያወጣ ቋንቋ የሚሆነው መቼ ነው? ጎረቤትን የሚከስ ቋንቋ የሚሆነውስ መቼ ነው? የመጨረሻው ጥያቄ የቃላት ጥያቄ ብቻ አይደለም፤ ሰዎች ከማኅበር የተገለሉበት፣ አንዳንዴም የሞቱበት ጥያቄ ነው።

2. ስሞቹና ትርጕማቸው

አማርኛ ለክፉ መናፍስት ያለው የስም ሀብት ሰፊ ነው። ሰይጣን፣ ዲያብሎስ፣ ጋኔን፣ ዛር፣ ቡዳ፣ መጋኛ፣ አውሊያ እያልን ብንቆጥር ስሞቹ ከብዙ ምንጭ የተቀዱ መሆናቸውን እንረዳለን። «ሰይጣን» ሥሩ ሴማዊ ሲሆን በዕብራይስጥ ባለጋራ፣ በተለይም በፍርድ ፊት የሚቆም ከሳሽ ማለት ነው። «ዲያብሎስ» ከጽርእ የመጣ ሲሆን ሐሜተኛ፣ ስም አጥፊ ማለት ነው። «ጋኔን» ከዐረብኛው «ጂን» ጋር ይነጻጸራል።

በጀጎል ሁኔታ ልዩ ትኩረት የሚሻው ግን «አውሊያ» የሚለው ቃል ነው። በዐረብኛ አውሊያ ማለት የአላህ ወዳጆች፣ ቅዱሳን ማለት ነው። ሐረር ራሷ «መዲነቱል አውሊያ»፣ የቅዱሳን ከተማ እየተባለች ትጠራለች፤ በውስጧና በዙሪያዋ ከሚገኙት የቅዱሳን መካናት የአው አባድር የታወቀው ነው። ይኸው ቃል ወደ ደጋው አማርኛ ሲገባ ግን ትርጕሙ ተገልብጦ በሰው ላይ የሚያድር መንፈስ ሆነ፤ «አውሊያ አለበት» የተባለ ሰው ቅዱስ ነው ማለት አይደለም። የአንዱ ቅዱስ በጎረቤቱ ቋንቋ መንፈስ ሆነ ማለት ነው።

ጅብም እንዲሁ ነው። በደጋው ክርስቲያን ዘንድ ጅብ የቡዳ መልክ ነው። በጀጎል ግን ጅብ በከተማዋ ያሉትን ጂኖች ይበላል፣ ያጸዳል ተብሎ ይታመናል። በግንቡ ውስጥ «ወራባ ኑዱል» የሚባሉ የጅብ መግቢያ ቀዳዳዎች አሉ፤ በአሹራ ዕለትም ለጅቦች ገንፎ በቅቤ ይቀርብላቸዋል። አንዱ ሕዝብ የክፉ መንፈስ አካል ነው የሚለውን አውሬ ሌላው የክፉ መንፈስ ጠላት ያደርገዋል። ከዚህ የምንማረው፣ «ክፉው የትኛው ነው?» የሚለው ጥያቄ መልሱ ብዙ ጊዜ በሰፈርና በቋንቋ የሚወሰን መሆኑን ነው። ስለዚህም የወንጌልን ትረካ ስናነብ ክፉው እንዴት እንደሚለይ በጥንቃቄ ማየት ያስፈልጋል።

3. የወንጌሉ ትረካ

በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 5 በመቃብር መካከል የሚኖር፣ ሰንሰለት የማይችለው፣ ራሱን በድንጋይ የሚቧጭር ሰው ይተረካል። ኢየሱስ የመንፈሱን ስም ይጠይቃል፤ መልሱም «ሌጌዎን» ነው። ሌጌዎን የሮማውያን የጦር ክፍል ስም ነው፤ በሺህ የሚቆጠር ወታደር ማለት ነው። አጋንንቱ ወጥተው ሁለት ሺህ ያህል እሪያዎች ወደሚገኙበት መንጋ ይገባሉ፤ መንጋውም ወደ ባሕር ይጣደፋል። ሰውየው ግን ለብሶ፣ አእምሮው ተመልሶለት፣ በሰላም ተቀምጦ ይገኛል። ከዚያም ወደ ቤተ ሰቡ እንዲሄድ ይላካል።

እዚህ ላይ የትረካውን አቀማመጥ ልብ ማለት ይገባል። ኢየሱስ የጠየቀው የመንፈሱን ስም ነው፤ «ማን ላከብህ? የማን ዐይን በላህ?» አላለም። በትረካው ውስጥ በጥፋተኝነት የተጠቆመ ጎረቤት የለም። በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 9 ዕውር ሆኖ ስለተወለደው ሰው ደቀ መዛሙርቱ ኃጢአተኛው እሱ ነው ወይስ ወላጆቹ ብለው ሲጠይቁ፣ መልሱ ሁለቱንም የሚያነጻ ነው። የፈውሱ ፍጻሜ ሰውን ወደ ማኅበሩ መመለስ እንጂ ሌላ ሰው ከማኅበሩ ማስወጣት አይደለም።

በአገራችን የቡዳ ሕክምና ግን ሥርዐቱ የተለየ ነው። ተበላ የተባለው ሰው በጢስና በሥር እየታጠነ «ማነህ? የት አገኘኸው? በምን በላኸው?» እየተባለ ይጠየቃል፤ እሱም «ይለፈልፋል»። የሚወጣው ስም የመንፈስ ስም አይደለም፤ የሰው ስም ነው። ብዙ ጊዜም የብረት ቀጥቃጭ፣ የሸማኔ ወይም የሸክላ ሠሪ ስም ነው። ሕመምተኛው ሲድን ሌላው ይታመማል ማለት ነው፤ ልጁን የሚድርለት፣ ዕቁብና ዕድር አብሮት የሚገባ ያጣል።

የዛር ሥርዐት ደግሞ ሦስተኛ መንገድ ነው። ሔዋን ካሏት ሠላሳ ልጆች የተዋቡትን ከፈጣሪ ደበቀች፤ የተደበቁት ዛር ሆነው ቀሩ ተብሎ ይተረካል። ፈረንሳዊው ሚሼል ሌሪስ እ.ኤ.አ. በ1932 በጎንደር ይህን ሥርዐት በቅርብ አጥንቷል። ዛር በአብዛኛው አይባረርም፤ በቡና፣ በከበሮ፣ በልብስና በደም ይለማመጣል፤ ባለዛሩም ከመንፈሱ ጋር ተዋውሎ ይኖራል። ወንጌሉ ውል አያውቅም። ማባረር አለ፤ ሰውየውም ለማንም ዕዳ ሳይኖርበት ነጻ ይወጣል።

4. ስምን እንደ መሣሪያ መያዝ

በሥነ ጽሑፍ ባህላችን የአጋንንት መከላከያ ጽሑፎች ብዙ ናቸው። በብራና ተጽፈው በባለቤቱ ቁመት ልክ የሚዘጋጁት ክታቦች መርበብተ ሰሎሞንን፣ አስማትንና የሱስንዮስን ጸሎት ይይዛሉ። በሱስንዮስ ታሪክ ውርዝልያ የምትባል ሕፃናት ገዳይ የቅዱሱን ልጅ ትገድላለች፤ እሱም ወደ ክርስቶስ ጸልዮ ኃይል ካገኘ በኋላ በጦር ይወጋታል። ልብ ብለን ብናነበው ትረካው ኃይሉን ለቅዱሱ ጦር አይሰጥም፤ ሥልጣኑ የክርስቶስ መሆኑን ይናገራል። ወላዶች ይህን ክታብ ሲያሥሩ የኖሩት ሕፃናት በብዛት ይሞቱ በነበረበት ዘመን መሆኑንም መዘንጋት አይገባም። ከጽሑፉ በስተጀርባ የእናት ጭንቀት አለ።

ሆኖም ጸሎቱ እና ክታቡ አንድ አይደሉም። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 19 ሰባቱ የአስቄዋ ልጆች የኢየሱስን ስም ሳያምኑበት እንደ መሣሪያ ሲጠሩ፣ ያደረበት ሰው ዘሎ ያሸንፋቸዋል፤ ቆስለውና ራቁታቸውን ይሸሻሉ። በዚያው ምዕራፍ ምትሐተኞች የነበሩ ሰዎች መጻሕፍታቸውን በአደባባይ ያቃጥላሉ፤ ዋጋቸውም 50 ሺህ ብር ሆኖ ተቈጠረ። ትረካው የሚለየው በስሙ ማመንን እና ስሙን መገልገልን ነው።

5. ፈተና፦ ጥቅስ በጥቅስ

«ፈተና» በአማርኛ የተማሪው መመዘኛም፣ የመከራውም፣ የኃጢአት ግፊቱም ስም ነው። የክርስቶስ ፈተና ሦስቱንም ትርጕሞች በአንድ ትረካ ይይዛል። ቤተ ክርስቲያናችን በዐቢይ ጾም የምታስበው ይህንኑ ነው፤ ቦታውንም ገዳመ ቆሮንቶስ ትለዋለች። የመጀመሪያው ፈተና ድንጋዩን እንጀራ ማድረግ፣ ሌላው ከመቅደሱ ጫፍ መውረድ፣ ሌላው ለመንግሥታት ክብር መስገድ ነው። መምህራን ስስትን በትዕግሥት፣ ትዕቢትን በትሕትና፣ ፍቅረ ንዋይን በጸሊአ ንዋይ ድል ነሣ እያሉ ያመሠጥሩታል።

ከሥነ ጽሑፍ አንጻር የሚደንቀው ውጊያው በጥቅስ መካሄዱ ነው። የኢየሱስ ሦስቱም መልሶች ከኦሪት ዘዳግም የተወሰዱ ናቸው። ዲያብሎስም መጽሐፍ ይጠቅሳል፤ የጠቀሰውም መዝሙር 90ን ነው። ይህ መዝሙር በግእዙ «ጋኔነ ቀትር»ን የሚጠራው፣ በየቤቱ ለመከላከያ የሚደገመው መዝሙር ነው። ሰው ከሰይጣን ለመጠበቅ የሚያነበውን ጽሑፍ ሰይጣን ራሱ አነበበው ማለት ነው። ይህ ከአስቄዋ ልጆች ታሪክ ጋር አንድ ትምህርት ይሰጣል፤ ቃሉ በራሱ ክታብ አይደለም፤ የሚለየው በማን አፍ፣ ለምን ዓላማ መነገሩ ነው።

በዕለታዊ ንግግራችን «ሰይጣን አሳስቶኝ ነው» ማለት የተለመደ ነው። የያዕቆብ መልእክት ግን እያንዳንዱ ሰው የሚፈተነው በገዛ ምኞቱ ተስቦ መሆኑን ያስተምራል። ክርስቶስ በፈታኙ ላይ ሥልጣን አለው ማለት ሰው ከኀላፊነት ነጻ ነው ማለት አይደለም። በጥምቀት ሥርዐት ተጠማቂው፣ ሕፃን ከሆነም የክርስትና አባቱ ወይም እናቱ ስለ እሱ ሆነው፣ ፊትን ወደ ምዕራብ መልሰው ሰይጣንን ይክዳሉ፤ ወደ ምሥራቅ መልሰው ክርስቶስን ያምናሉ። ክህደቱ የጎረቤትን ሳይሆን የራስን ፊት የሚያዞር ነው።

6. ክስ ሲነግሥ

እምነቱ ወደ ክስ ሲዞር ምን እንደሚሆን የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን (ከ1426 እስከ 1460 ዓ.ም.) ያሳያል። ንጉሡ ጥንቆላንና ባዕድ አምልኮን ለማጥፋት ተነሡ፤ ሕዝቡ ሰይጣንን መካዱን በአካሉ ላይ በጽሑፍ እንዲይዝ አዘዙ። ዓላማው ሃይማኖታዊ ነበረ። ነገር ግን ደስክንና ዲኖን ያመልካሉ የሚል ክስ በቤተ መንግሥቱ ውስጥ መሣሪያ ሆነ፤ የንጉሡ የገዛ ልጆች ሳይቀሩ በዚህ ክስ እንደተቀጡና እንደሞቱ ዜና መዋዕላቸው ይመዘግባል። ሰይጣንን ለማሳደድ የተነሣ ሥርዐት የሰይጣንን የስም ትርጕም፣ ከሳሽነትን፣ በራሱ ላይ አደረ ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በተቃራኒው ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት ዐዋጅ የእጅ ሙያተኛን በሥራው መስደብን ከለከሉ። «ጠይብ» የሚለው ስድብ ራሱ «ጠቢብ» ከሚለው ቃል የመጣ መሆኑ ያሳዝናል፤ ጥበብ ለስድብ ስም ሆነች። በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 6 የናዝሬት ሰዎች ኢየሱስን ጸራቢ መሆኑን ጠቅሰው ሲንቁት እናነባለን፤ በምዕራፍ 3 ደግሞ ጸሐፍት ብዔል ዜቡል አለበት ብለው ከሰሱት። የእጅ ባለሙያ ሆኖ ጋኔን አለበት የተባለ ማን እንደሆነ ወንጌሉ በግልጽ ይናገራል። በየገበያው ብረት ቀጥቃጩን ቡዳ የሚል ክርስቲያን ይህን ንባብ ሳያየው አልፏል።

ሌላው አደጋ ደዌን ሁሉ ወደ መንፈስ ማዞር ነው። ጠበል የጸሎት ስፍራ ነው፤ መድኃኒትን ያስተዋል ማለት ግን አይደለም። ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. የኤች አይ ቪ ሕሙማን መድኃኒታቸውን ከጠበሉ ጋር አብረው እንዲወስዱ በይፋ መናገራቸው በዚህ ረገድ የሚጠቀስ ነው።

7. መደምደሚያ

ከላይ እንደተመለከትነው፣ የሰይጣንና የዲያብሎስ ስሞች ወደ ከሳሽነት ያመራሉ። በአንጻሩ የዮሐንስ ጽሑፎች ለመንፈስ ቅዱስና ለክርስቶስ የሚሰጡት ስም «ጰራቅሊጦስ» ነው፤ ይህም በጽርእ አጽናኝ ብቻ ሳይሆን በፍርድ ፊት የሚቆም ጠበቃም ማለት ነው። ስለዚህ በክርስትና ሥነ ጽሑፍ በመናፍስት ላይ ያለ ሥልጣን በዋናው መልኩ የከሳሽና የጠበቃ ሙግት ነው። ጠበቃው ያሸነፈበት ምልክት የታሰረው መፈታቱና ወደ ቤቱ መመለሱ ነው፤ የሌላ ሰው መታሰር ምልክቱ ሊሆን አይችልም።

ይህ መለኪያ ለሥነ ጽሑፍ ተማሪም ሆነ ለምእመን ይጠቅማል። አንድ ገድል፣ አንድ ክታብ፣ አንድ የፈውስ ምስክርነት በቀረበልን ጊዜ፣ «በመጨረሻው ላይ የተፈታው ማን ነው? የተከሰሰውስ?» ብለን እንጠይቅ። ጀጎል ቅዱሱና ጋኔኑ፣ ጅቡና ቡዳው በየቋንቋው ቦታ የሚለዋወጡባት ከተማ ስለሆነች ጥያቄውን ለመማር ምቹ ናት። «ቡዳ በር» የግንብ በር ስም ሆኖ ቢቀር ጉዳት የለውም፤ የሰው ስም እንዳይሆን ግን መጠንቀቅ የአንባቢውም የአማኙም ድርሻ ነው።