ሁለቱ ሰርቨሮች ሲካካዱ ማን ይዳኛል?

ብዙ ድርጅት ኢሜይሉን በሁለት ሰርቨር ላይ ስላባዛ ብቻ ተማምኖ ይተኛል። ለመሆኑ ሁለቱም ደህና ሆነው በመካከላቸው ያለው መስመር ቢበጠስስ? እያንዳንዱ ሌላውን ሞቷል ብሎ «ዋናው እኔ ነኝ» ካለ የመልእክት ሳጥኑ ሁለት ይሆናል፤ መልሶ ማዋሐዱ አበሳ ነው፣ የሚጠፋ ደብዳቤም አይታጣም።

ማይክሮሶፍት ኤክስቼንጅ ከ2010 እትሙ ጀምሮ ይህን የሚፈታው በድምፅ ብልጫ ነው። ሰርቨሮቹ ሁለት ሲሆኑ ሦስተኛውን ድምፅ የሚሰጠው «ምስክር» የሚባል፣ በሌላ ኮምፒዩተር ላይ ያለ ተራ ፎልደር ነው። ብልጫ ያጣው ወገን ዳታቤዙን ይዘጋል።

ወጪ ለመቆጠብ ተብሎ ግን ምስክሩ ቨርቹዋል ሆኖ ከአንዱ ሰርቨር ጋር በአንድ ማሽን ላይ ይቀመጣል። ያ ማሽን ሲወድቅ ሁለት ድምፅ አብሮ ይሄዳል፤ ደህና የነበረውም ሰርቨር ብቻውን ብልጫ ስለሌለው ይዘጋል! ስለዚህ ምስክሩን ሌላ ማሽን፣ ሌላ የመብራት መስመር ላይ አድርጉት። ከዚያም አንድ ቅዳሜ ሌሊት የአንዱን ሰርቨር ኬብል ነቅላችሁ እዩ።