የአንድ አለት ወገን

በሳን ዲየጎ የባሕር ዳርቻ፣ ማዕበሉ ራሱ ሳይደርስ ፍንጣቂው ብቻ በሚያርፍባቸው አለቶች ላይ፣ ከእጥበት ሳፋ የማይበልጡ የውሃ ጉድጓዶች አሉ። ሰው ፎቶ ለመነሣት እየተሻማ ይረግጣቸዋል። ጎንበስ ብሎ ላየ ግን ውሃው ላይ በርበሬ የተበተነ ይመስላል፤ በርበሬውም ይዋኛል።

ስሙ ቲግሪዮፐስ ካሊፎርኒከስ ነው። የሽሪምፕና የሸርጣን የሩቅ ዘመድ ሲሆን ርዝመቱ አንድ ሚሊሜትር ገደማ ነው። ከሜክሲኮዋ ባሃ ካሊፎርኒያ እስከ አላስካ ይኖራል። ፀሐይ ውሃውን አትንና ጨው ብታበዛበትም፣ ዝናብ ወርዶ ቢያቀጥንበትም ይችለዋል። መጀመሪያ በነጭ ማንኪያ ቀድቼ በአጉሊ መነጽር ሳየው፣ አንዱ ወንድ ገና ያልደረሰች ሴት በአንቴናው ጨብጦ ይዞር ነበር። ሴቷ በዕድሜዋ የምትጠቃው አንዴ ብቻ ስለሆነ፣ እስክትደርስ አይለቃትም።

«ባሕር አጥር የለውም፤ የባሕር እንስሳ ሁሉ ይቀላቀላል» የሚለውን ወሬ ከተማሩ ሰዎች አፍ ሳይቀር እሰማለሁ። እጫቸው በውሃ ተወስዶ ሩቅ ለሚደርስ እንስሳት እውነትነት አለው። ለዚህኛው ግን ፈጽሞ አይሠራም። ሮናልድ በርተንና ማርከስ ፌልድማን በ1981 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ ጎረቤት የሚባሉ ወገኖች እንኳ በዘረመል እንደሚለያዩ አሳይተዋል። በአንድ አለት ላይ ያሉ ጉድጓዶች ነዋሪዎች ይመሳሰላሉ፤ አሸዋውን ተሻግረው ቀጣዩን አለት ሲያዩ ግን ሌላ ወገን ነው። የሳን ዲየጎውንና ከእሱ በሰሜን ያለውን የሳንታ ክሩዝ ወገን ማይቶኮንድሪያ (የሕዋስ ኃይል ማመንጫ) ቢያስተያዩ፣ የዲኤንኤው ልዩነት ከ20 በመቶ በላይ ነው። በሰውና በቺምፓንዚ ማይቶኮንድሪያ መካከል ያለው እንኳ 10 በመቶ አይሞላም። መልካቸውን አይቶ ግን ማንም አይለያቸውም።

እኔን የሚያስደንቀኝ ሁለቱ ወገኖች ሲጋቡ የሚሆነው ነው። ልጆቹ ጤነኞች ናቸው፤ አንዳንዴም ከወላጆቻቸው ይበረታሉ። ጉዳቱ የሚወጣው በልጅ ልጆቹ ላይ ነው፦ እድገታቸው ይዘገያል፣ ብዙዎቹ ሳይደርሱ ይሞታሉ፣ ሕዋሳቸው የሚያመነጨው ኃይልም ይቀንሳል። ምክንያቱ እንዲህ ነው። ኃይል የሚያመነጨው የማይቶኮንድሪያ መሣሪያ ክፍሎቹ የሚሠሩት ከሁለት መዝገብ ነው፤ አንዱ ማይቶኮንድሪያው ራሱ የያዘው፣ ከእናት ብቻ የሚወረስ ዲኤንኤ ነው፤ ሌላው በኒውክለሱ ውስጥ ያለው፣ ከሁለቱም ወላጆች የሚመጣው ነው። በየአለቱ ተለይተው በኖሩበት ረጅም ዘመን ሁለቱ መዝገቦች እርስ በርስ ተላምደዋል። ልጁ ከእናቱ ወገን ሙሉ አንድ ቅጂ ስላለው ይተርፋል። የልጅ ልጁ ላይ ግን ቅጂዎቹ ይደባለቃሉ፤ የሴት አያቱን ማይቶኮንድሪያ ይዞ ከወንድ አያቱ ወገን ብቻ የመጡ ክፍሎች ሊደርሱት ይችላሉ፣ አይገጥሙምም።

ማስረጃው ደግሞ ያማረ ነው። የተዳከሙትን ድቅሎች ከሴት አያታቸው ወገን ጋር መልሰው ሲያዳቅሏቸው ልጆቹ ያገግማሉ። ከወንድ አያታቸው ወገን ጋር ሲያዳቅሏቸው አያገግሙም።

ስለዚህ አንድ ትውልድ ብቻ አዳቅሎ «ምንም ችግር የለም» የሚል ሰው ሥራውን በግማሽ ነው የተወው። የቀዳበትን አለት ስም ሳይጽፍ ብልቃጡ ላይ የእንስሳውን ስም ብቻ የሚለጥፍም እንዲሁ፤ ናሙናው ለምንም አይረባም። በቤታቸው ዓሣ የሚያረቡ ሰዎችም ይህን ፍጡር ለዓሣ ቀለብ በሕይወቱ ይገዙታል። ከአለቱ ወገን ጋር ሊዳቀል ይችላልና፣ የተረፋችሁን እባካችሁ ባሕር ዳር ወስዳችሁ አትድፉ።

ሙቀትን መቻልም እንደ ወገኑ ይለያያል፤ የደቡቦቹ ከሰሜኖቹ ይበልጥ ይችላሉ። ተመራማሪዎች ከተለያዩ አለቶች ያመጧቸውን ወገኖች፣ ሙቀት የቻሉትን ብቻ እየመረጡ ለ10 ትውልድ አራቧቸው። ያገኙት ጭማሪ በአማካይ ግማሽ ዲግሪ ሴልሺየስ ነበር፤ ከዚያ ቆመ። ሙቀቱን የሚያስችለው ዘረመል ደቡብ ባሉት አለቶች ላይ አለ፤ በራሱ ወደ ሰሜን መሻገሩ ግን እምብዛም ነው። ሰው በባልዲ ቢያሻግረው ደግሞ የልጅ ልጆቹ ጉዳይ ይመጣል።